ቦሎቄው ለምን አልበስል አለ?

ቦሎቄ ተጥዶ አልበስል ሲል መጀመሪያ የሚሰማው «እሳቱን ጨምሪበት» ነው። ብዙም አይጠቅምም። አዲስ አበባ ላይ በተጣደ ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ብትነክሩ፣ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀጥ ይላል። እሳቱን ስትጨምሩበት ውሃው ይንተከተካል፣ ክዳኑን ያንኳኳል፣ ገንፍሎ ምድጃውን ያበላሻል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ንቅንቅ አይልም። የተጨመረው ሙቀት በሙሉ ውሃውን እንፋሎት ለማድረግ ይውላልና። በፈላ ድስት ሥር ከሰል መጨመር የሚያፋጥነው የውሃውን ማለቅ ብቻ ነው።

የተማሪው መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይል የለም? ይላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ለተጣደ ድስት። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት መቋቋም ሲችል ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በግምት 1 ዲግሪ ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100፣ ድሬዳዋ 96፣ ደብረ ብርሃን 91 ገደማ ነው። ለሻይ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። ጥራጥሬ ላይ ግን ጊዜውን በጣም ያራዝመዋል። ከድሬዳዋ ደብረ ብርሃን ገብታ ሽምብራው እምቢ ያላት ባለሙያ ሙያዋ አልጠፋም።

የሚያፏጨው ድስት፣ ፕሬዠሩ፣ የሚሠራው ደጋው የቀነሰውን ግፊት በመመለስ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ አዲስ አበባም ውስጥ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይግላል። ማፏጨት ከጀመረ በኋላ እሳቱን መቀነስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የሚነደው ጋዝ ብክነት ነው።

ሙቀቱ ብቻውን ግን አይደለም። የቦሎቄን ጥቃቅን ሕዋሳት ፔክቲን የሚባል ነገር አጣብቆ ይዟቸዋል፤ በብሎኬትና በብሎኬት መካከል እንዳለ ሲሚንቶ። መብሰል ማለት ይህ ሲሚንቶ በሙቅ ውሃ ሲሟሟ ነው። አሲድ ደግሞ መሟሟቱን ይከለክለዋል። ስለዚህ ቲማቲምም ሆነ ሎሚ ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ግማሽ ቀን ቢቀቀል እንኳ ጠንካራ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። ካልሲየም የበዛበት ውሃም ፔክቲኑን ያጠብቀዋል፤ በአንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ንፍሮ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሶዳ ተቃራኒው ነው። ቤዝ ስለሆነ ፔክቲኑን ይሰባብረዋል። ለድስት ቁንጥር ታህል ይበቃል፤ ከበዛ ቦሎቄው ይላሽቃል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይጠፋል። እኔ በበኩሌ ከሶዳው ይልቅ ጨው እመርጣለሁ፦ ሲዘፈዘፍ ውሃው ላይ ትንሽ ጨው ጣል ማድረግ። ጨው ቦሎቄን ያደርቃል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በቆዳው ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚተካ ቆዳው ቶሎ ይለሰልሳል።

ቀይ ቦሎቄ ላይ ግን መቸኮል አያዋጣም። ጥሬው ሆድ የሚያገለብጥ፣ የሚያስታውክ መርዝ አለው፤ ለዘብ ባለ እሳት ብቻ የቆየ እንደሆነ መርዙ አይጠፋም። አድሮ ይዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሶ እስኪለሰልስ መቀቀል ይቻላል።