ሰው ሐሜቱን ሲተው የባሰበት ትዳር

ኤሚ ባሏ የሞተባት ጀርመናዊት ናት፤ ዕድሜዋ 60 አካባቢ፣ ሥራዋ ጽዳት። አሊ ደግሞ በዕድሜ በጣም የሚያንሳት፣ ለሥራ ጀርመን የገባ ሞሮኳዊ። የራይነር ቨርነር ፋስቢንደር «ፍርሃት ነፍስን ይበላል» የእነዚህ ሁለት ብቸኞች ትዳር ነው። በ15 ቀን ገደማ በትንሽ ገንዘብ የተቀረጸው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1974 ካን ላይ የሃያሲያን ሽልማት ወስዷል።

ሲጋቡ ጎረቤት ያንሾካሹካል፣ ባለሱቁ አላስተናግድም ይላል፣ ልጇ ቴሌቪዥኗን በእርግጫ ይሰብራል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። እኛን ያስደነገጠን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሰዎቹ ጥቅም ፈልገው ሲታረቋት ኤሚ እነሱን መምሰል ትጀምራለች። አሊ ያማረውን ኩስኩስ አልሠራም ትላለች፤ ጡንቻውን ለሥራ ባልደረቦቿ ታስነካለች።

በመጨረሻ አሊ በጨጓራ ቁስለት ይወድቃል። ሐኪሙ በውጭ አገር ሠራተኞች ላይ የተለመደ መሆኑን ይናገራል፤ መነሻው ጭንቀት ነው።

ንቀቱ ከውጭ መጥቶ ቤት ገባ። እናንተስ፣ የሰው አፍ ቤታችሁ ሲገባ እንዴት ታስወጡታላችሁ?