ክረምት ከልማዱ ሲወጣ

ተማሪዎች! ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ የእንጦጦን ተራራ ወደ ሰሜን ብትሻገሩ የሱሉልታን ሜዳ ታገኛላችሁ። በእንጦጦ ደቡባዊ ገጽ የሚጥለው ዝናብ ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በሱሉልታ በኩል የሚጥለው ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ግን ውሃው ቶሎ አይሄድም፤ ክረምቱን ረግረግ ሆኖ ይከርማል። የአካባቢው ገበሬ ይህን ውሃ እንደ ጠላት አያየውም፤ ለከብቶቹ የሚከምረው ድርቆሽ የሚገኘው በዚሁ ውሃ ከሚያድገው ሣር ነውና።

ታዲያ ዝናብ ጥፋት የሚሆነው መቼ ነው? ነገሩ በመጠኑ ብቻ አይወሰንም፤ አፈሩም ድርሻ አለው። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ስንጥቆቹም ስለሚገጥሙ ተጨማሪው ዝናብ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ቦዩ ከተደፈነ ውሃው ወደ ደጃፍ ይመለሳል። ዝናቡ ተቋርጦ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ያው አፈር ይሰነጠቃል፤ ሣሩም ሳያድግ ይጠወልጋል።

ሁለቱም ዓይነት ክረምት በአገራችን ታይቷል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ከበላዩ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ድሬዳዋን አጥለቀለቀ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም አለቁ። በ2007 ዓ.ም. ግን ኤልኒኞ የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ የክረምቱን ዝናብ አሳጣ፤ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኑ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ደመናን ማዘዝ አይቻልም። ክረምት ሳይገባ ቦይ መጥረግ፣ በውሃ መውረጃ ላይ ቤት አለመሥራት፣ ሣር በተረፈበት ዓመት ድርቆሽ ማቆየት ግን በእጃችን ነው።

መልመጃ፦ በሠፈራችሁ የክረምት ውሃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚፈስስ ተመልክታችሁ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።