የአክስት ስም መዋስ ይብቃ፦ ብቻችሁን ድርጅት ስታቋቁሙ ምን ታተርፋላችሁ?

እንጦጦ ራጉኤል የሚነግሠው በመስከረም 1 ነው። ለዚህ ነው ነሐሴ ሲጋመስ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ያሉት የሐበሻ ልብስ ሱቆች ፋታ የሚያጡት። አንዱ ነጠላ ይመርጣል፣ ሌላዋ ጥለቱ ከቀሚሱ ጋር ይሄድ እንደሆነ ታያለች፣ ባለሱቋ በአንድ እጇ እየለካች በሌላው ስልኳን ይዛ የቴሌብር መልእክት ትጠብቃለች።

ጓደኛዬ ከነዚህ ባለሱቆች አንዷ ናት። ሁለት ልብስ ሰፊዎችና አንዲት የሱቅ ሠራተኛ አሏት፤ የሽያጯ ግማሽ በቴሌግራም ነው። ባለፈው ቡና እየጠጣን "ሱቁን ፒኤልሲ ላደርገው ነው። ሁለተኛ አባል ሁነኝ። ገንዘብ አታወጣም፣ ስምህን ብቻ ነው የምፈልገው" አለችኝ።

እምቢ አልኳት። ስላላመንኳት አይደለም። "ስም ብቻ" የሚባለው ነገር በእኛ ቤት ምን እንዳደረገ ስለማውቅ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የብረታ ብረት ሥራውን ድርጅት ሲያደርግ ሁለተኛ አባል ያደረገው አክስታችንን ነበር። አክስቴ የድርጅቱን በር ረግጣ አታውቅም። ስታርፍ ግን ድርሻዋ እንደማንኛውም ንብረት ወደ ወራሾቿ ሄደ። አንዱ ልጇ ውጭ አገር ነው፣ ሌላዋ "እናቴ ያላትን ትተን አንፈርምም" አለች። ወንድሜ በወረቀት ጉዳይ ሁለት ዓመት ተመላለሰ። የቤተሰቡ ቅያሜ ደግሞ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ጥፋቱ የአክስቴ አይደለም፣ የልጆቿም አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት፣ ቢበዛ ሃምሳ አባላት ይኑሩት ይል ነበር። ብቻውን የሚሠራ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ሚስቱን፣ እህቱን ወይም የሰፈር ጓደኛውን በስም ያስገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር ተረቱ፤ እዚህ ግን አንዱ ድር ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ይህን የለወጠው መጋቢት 16 ቀን 2013 ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። የፒኤልሲ ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። መሥራቹ ቢሞት ወይም መሥራት ቢያቅተው ማኅበሩን የሚይዝ ሰው ከመጀመሪያው እንዲሰይምም ይጠበቅበታል። ሕጉ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም፣ አሁንም "ስምህን ስጠኝ" የሚል ሰው አይጠፋም።

ለመሆኑ ትርፉ ምንድነው? በግል ስማችሁ ንግድ ፈቃድ አውጥታችሁ ስትሠሩ ሕጉ ሱቁንና እናንተን አይለይም። ሱቁ ዕዳ ካለበት አበዳሪው ወደ ቤታችሁ፣ ወደ መኪናችሁም መምጣት ይችላል። ድርጅት ስታቋቁሙ ግን ዕዳው የድርጅቱ ነው፤ በመርህ ደረጃ የምታጡት ያስገባችሁትን ካፒታል ነው። በሱቁና በቤታችሁ መሀል ግድግዳ ቆመ ማለት ነው።

ይህ ግድግዳ ግን የሚሸነቆርባቸው ቦታዎች አሉት።

አንደኛው የገንዘብ መደባለቅ ነው። የሱቁ ሽያጭ በግል ቴሌብራችሁ ከገባ፣ የቤት ኪራይ ከሱቁ ሳጥን ከተከፈለ፣ ፍርድ ቤት "የቱ የድርጅቱ፣ የቱ የአንቺ ነው?" ሲል መልስ የለም። ያኔ አባሉ በግል ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው ባንክ ነው። ባንክ ሞኝ አይደለም፤ ለትንሽ ድርጅት ሲያበድር ብዙ ጊዜ የባለቤቱን የግል ዋስትና ይጠይቃል። እሱን ከፈረማችሁ በሩን ራሳችሁ ከፈታችሁ።

ሦስተኛው ሥራ አስኪያጅነት ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ ባለቤትም ሥራ አስኪያጅም እናንተው ናችሁ፤ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በራሱ ጥፋት ላደረሰው ጉዳት በግሉ ይጠየቃል።

ሠራተኛ ላይም የሚቀየር ነገር የለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ለጡረታ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ይሄ በግል ስም ብትሠሩም፣ በድርጅት ብትሠሩም ያው ነው።

ግብሩስ? እዚህ ላይ ካልኩሌተር አውጡ። ድርጅት በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል፣ ቀሪውን ትርፍ ወደ ኪሳችሁ ስትወስዱት ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ "ለ" ነው፤ ድርጅት ግን ሽያጩ ትንሽም ቢሆን ደረጃ "ሀ" ነው፤ የሂሳብ መዝገብ ይይዛል። የሂሳብ ባለሙያ ክፍያ ደግሞ በየዓመቱ አለ።

ስለዚህ የኔ ስሌት ቀላል ነው። ዕዳችሁ ትንሽ፣ ንብረታችሁም የሚሸጠው ልብስ ብቻ ከሆነ መቸኮል አያስፈልግም። በዱቤ ብዙ ዕቃ የምታነሱ፣ ትልቅ ውል የምትፈርሙ ወይም የቤተሰብ ቤት በስማችሁ ያለ ከሆነ ግን ግድግዳው ዋጋውን ያወጣል። በሁለቱም መንገድ የሰው ስም መዋስ አያስፈልጋችሁም።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ "እንግዲያው ከየት ልጀምር?" አለችኝ። ለሱቁ ብቻ የሚሆን የባንክ ሂሳብ ክፈቺ አልኳት። በማግሥቱ ከፈተች። ፒኤልሲውን ከበዓሉ ገበያ በኋላ፣ የሦስት ወር ሂሳቧን አይታ ትወስናለች። ስትወስን መዝገቡ ላይ የሚኖረው አንድ ስም ነው፤ የእሷ።