የሕክምና ልምምድ በአሻንጉሊት

ስለ ዋና የተጻፈ መጽሐፍ በማንበብ ብቻ ዋናተኛ መሆን አይቻልም። ዋና የሚለመደው ውሃ ውስጥ ገብቶ እጅንና እግርን በማንቀሳቀስ ነው። የሕክምና ሙያም እንደዚሁ በእጅ ሥራ የሚለመድ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ጀማሪ ዋናተኛ ቢሳሳት የሚጎዳው ራሱ ነው፤ ጀማሪ ሐኪም ወይም አዋላጅ ቢሳሳት ግን የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ታዲያ እጅ ሰውን ሳይጎዳ እንዴት ሊሠለጥን ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ ከቀረቡት ቀደምት መልሶች አንዱ የተገኘው በፈረንሳይ አገር ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የተባለች አዋላጅ ከጨርቅና ከቆዳ የእናትንና የሕፃንን ቅርጽ ሠርታ ታስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1759 ከንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፈቃድ ተሰጥቷት በየአውራጃው እየተዘዋወረች የገጠር ሴቶችን የማዋለድ ጥበብ አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ አስሙንድ ሌርዳል የተባለ ኖርዌያዊ አሻንጉሊት ሠሪ፥ ትንፋሹ ለተቋረጠ ሰው ርዳታ መስጠትን ለማስተማር የሚያገለግል፥ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ሠራ።

የዚህ ዐይነቱ ልምምድ አስፈላጊነት ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ናት። በረጅሙ ጦርነት ምክንያት የሠለጠኑ አዋላጆች እጅግ ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተደረገው የጤና ጥናት በ100,000 ልደት 2,054 እናቶች እንደሚሞቱ ገልጿል። አገሪቱ ነጻነቷን ከማወጇ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2010፥ በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በጁባ ከተማ፥ በማስተማሪያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፥ የነርሶችና የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2013 ተመረቁ። ኮሌጁ በተከፈተበት ዓመት «ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት» የተባለ ዓለም አቀፍ ሥልጠና ተጀመረ፤ ሥልጠናው ከደረሰባቸው አገሮችም አንዷ ደቡብ ሱዳን ናት።

በዚህ ሥልጠና የሚያገለግለው የሕፃን አሻንጉሊት አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃ ሲሞላ የጨቅላ ሕፃን ክብደት ይኖረዋል። አሠልጣኟ ከአሻንጉሊቱ ጋር የተያያዙ ትናንሽ ፊኛዎችን ስትጨምቅ ሕፃኑ ይተነፍሳል፥ ያለቅሳል፥ እትብቱም ይመታል፤ መጭመቋን ስትተው ግን ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ሠልጣኟ ሕፃኑን በጨርቅ ታደርቃለች፤ ጀርባውንም ታሻሻለች። አሁንም ካልተነፈሰ፥ ጭንብል ባለው በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ትሰጠዋለች። አየር መስጠቱ ሕፃኑ በተወለደ በ60 ሴኮንድ ውስጥ መጀመር ስለሚኖርበት ያች ደቂቃ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ትባላለች። ጭንብሉ ከፊት ጋር በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል፤ የአሻንጉሊቱም ደረት ከፍ አይልም። ስለዚህ ሠልጣኟ ስሕተቷን ወዲያውኑ ታያለች፤ አስተካክላም እንደገና ትሞክራለች። ከልምምዱ በኋላ አሠልጣኟና ሠልጣኞቹ ተቀምጠው የተሠራውንና የተዘነጋውን ይወያዩበታል።

በእርግጥ አሻንጉሊት ሕመምተኛን ሙሉ በሙሉ አይተካም። የእናትን ፍርሃትና የዘመድን ጭንቀት ሊያሳይ አይችልም። አንድ ጊዜ የተለማመደም ሰው ልምምዱን ካልደጋገመ እጁ ይረሳል። ቢሆንም በአሻንጉሊት ላይ የተፈጸመ ስሕተት ትምህርት ሆኖ ሲቀር፥ ያው ስሕተት በሕፃን ላይ ቢፈጸም ሕይወት ያጠፋል።

ይህ ትምህርት ለሐኪሞች ብቻ የተወሰነ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው የሚሰጠውን የመጀመሪያ ርዳታ፥ ማለትም የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫንን፥ መማር ይችላል። ሆኖም ልምምዱ በአሠልጣኝ ፊት በአሻንጉሊት ላይ እንጂ በጤነኛ ጓደኛ ደረት ላይ ሊደረግ አይገባም። በችግር ሰዓት እጅ የሚታዘዘው አስቀድሞ የለመደውን ነውና።