ውሻ ሰውን አብዝቶ እንዳይልስ ስለ ማስለመድ

የኮቪድ-19 በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መከሰቱ ከታወቀበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ጭምብልና ስለ አካላዊ ርቀት ብዙ ተብሏል። ከሰው ጋር በአንድ ግቢ ስለሚኖረው ውሻ የተባለው ግን ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ወራት ልጆች ቀኑን ሙሉ በቤት ሲውሉ፣ ቀድሞ ጠዋትና ማታ ብቻ ሰው ያገኝ የነበረው ውሻ ሰዓቱን ሁሉ ከእነርሱ ጋር የሚያሳልፍበት ዕድል ተፈጥሯል። እጅን፣ ፊትንና እግርን መላስ ልማድ የሚሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ይህን አይተው በሽታው በውሻ ምራቅ ይመጣብናል በሚል ስጋት ለዓመታት ቤታቸውን የጠበቀውን እንስሳ ወደ ጎዳና የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩን እንደ ጨዋታ ቆጥረው ውሻው የሕፃን አፍ ሲልስ ዝም ብለው ይመለከታሉ። ሁለቱም አካሄድ ትክክል አይደለም።

ወረርሽኙና የቤት ውሻ

ኮቪድ-19 በዋነኛነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ሲሆን፣ መንገዱም በበሽታው የተያዘ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲነጋገር፣ ሲያስልና ሲያስነጥስ የሚወጣው ትንፋሽና ፍንጣቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በአንድ ውሻ ላይ ቫይረሱ መገኘቱ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር፤ ሆኖም ውሻው የኖረው በበሽታው ከተያዘ ሰው ጋር በመሆኑ ቫይረሱ የተሻገረው ከሰው ወደ ውሻ እንደሆነ ይታመናል። የውሻ ሰውነት ለዚህ ቫይረስ እምብዛም የሚመች አይደለም። ድመት ከውሻ ይልቅ ይጋለጣል፤ በኔዘርላንድና በዴንማርክ ለፀጉራቸው ሲባል በብዛት ይረቡ የነበሩ ሚንክ የተባሉ እንስሳት ደግሞ ከሰው የወሰዱትን ቫይረስ መልሰው ለሰው ማስተላለፋቸው ተረጋግጧል። ውሾች ግን በበሽታው መስፋፋት ውስጥ ጉልህ ድርሻ እንዳላቸው የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ወረርሽኙን በመፍራት ውሻን ከቤት ማባረር የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ይልቁንም ጎዳና ላይ የወጣ ውሻ ክትባቱን የሚከታተልለት ባለቤት ስለማይኖረው ሌላ አደጋ ያስከትላል።

በቤት ውስጥ በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው ሲኖር ጥንቃቄው ይለያል። ታማሚው እስኪያገግም ድረስ ውሻውን ከማቀፍ፣ ከመሳም፣ ከማስላስና ከገበታው ከማጉረስ ይቆጠባል፤ የመመገቡን ሥራ ሌላ የቤተሰብ አባል ይረከባል። ተረካቢ ከሌለ ታማሚው ጭምብል አድርጎ፣ ከመመገቡ በፊትና በኋላ እጁን በሳሙና ታጥቦ ያከናውነዋል። ውሻውን በአልኮል፣ በበረኪና ወይም በሌላ የፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል ማጠብ ቆዳውን ይጎዳል፤ ሰውነቱን ሲልስም ይመረዛል። የእጅ ማጽጃ አልኮል የተቀባ ሰውም እጁ እስኪደርቅ ድረስ ውሻው እንዳይልሰው ይጠንቀቅ። ለውሻ ጭምብል ማጥለቅ አያስፈልግም።

የውሻ ምራቅ

ታዲያ መላሱ ለኮቪድ-19 ይህን ያህል የማያሰጋ ከሆነ ለምን ይከልከል? ምክንያቱም በአገራችን ከውሻ ምራቅ ጋር የሚመጣው ዋነኛ አደጋ ከወረርሽኙ በፊትም የነበረው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቫይረሱ በታመመ ውሻ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ ወደ ሰው የሚገባውም በንክሻ ብቻ አይደለም። የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳን፣ ዓይንን፣ አፍንጫን ወይም አፍን የነካ ምራቅ እንደ ጥልቅ ንክሻ ተቆጥሮ ሕክምና ይሰጥበታል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። ያልተላጠና ያልቆሰለ ቆዳን መላስ ግን ለዚህ በሽታ አያጋልጥም፤ ቦታውን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይበቃል።

ሁለተኛው ከኮሶ ትል ወገን የሆነ ጥገኛ ትል ነው። በበዓል ጊዜ በግቢ በግ ሲታረድ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የታየበትን ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ውሻው በዚህ መንገድ ትሉን ይወስዳል፤ በዓይነ ምድሩ የሚወጡት እንቁላሎች በፀጉሩ ላይ ይጣበቃሉ፤ ራሱን ልሶ ሰውን ሲልስ ወደ ሰው እጅና አፍ ይሻገራሉ። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚያድገው ከረጢት ከዚህ የሚመጣ ነው። ከዚህም ሌላ በጤነኛ ውሻ አፍ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸውና የሰውነት የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ከባድ የደም መመረዝ ሊያስከትሉ ይችላሉ። የውሻ ምላስ ቁስል ያደርቃል የሚለው የቆየ አባባል እንግዲህ ሊታመን አይገባውም።

ውሻ ለምን ይልሳል?

ቡችላ የእናቱን አፍ የሚልሰው ምግብ ፍለጋ ነው። ካደገም በኋላ ይህ ጠባይ እንደ ሰላምታና እንደ መለማመጥ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በተጨማሪ የላብ ጨው ይስበዋል። በእጅ በምንበላበት አገር ደግሞ የወጥ ሽታ ከጣት አይጠፋም፤ ቅቤ የተቀባ የሕፃን ፀጉርም ለውሻ እንደ ማዕድ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት እንደምንታጠብ ሁሉ ከምግብ በኋላም በሳሙና መታጠብ የመላሱን ግማሽ ምክንያት ያስወግዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ምክንያት የሰው ትኩረት ነው። ውሻው ሲልስ የሚስቅ፣ የሚያሻሽ፣ ስሙን የሚጠራ፣ ወይም «ተው! ተው!» እያለ በእጁ የሚገፋ ሰው ሁሉ ሳያውቅ ይሸልመዋል። መገፋት ለሰው ክልከላ ቢሆንም ለውሻ የጨዋታ ግብዣ ሊመስለው ይችላል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የዋለ ውሻ ሲፈታ በመጀመሪያ ባገኘው ሰው ላይ የሚረባረበውም የዋለበትን ብቸኝነት ለማካካስ ነው።

ልማዱን ማስተው

የማስተዉ መሠረት ሽልማቱን መንፈግ ነው። ውሻው መላስ እንደ ጀመረ ሰውየው ሳይናገርና ሳይመለከተው እጁን ሰብስቦ ፊቱን ያዞራል፤ ካልተወም ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይገባና በሩን ለጥቂት ጊዜ ይዘጋል። ውሻው ተረጋግቶ ሲቆም ወይም ሲቀመጥ ግን ወዲያውኑ በለሆሳስ ያመሰግነዋል፤ ቁራሽ ምግብም ይሰጠዋል። ቁራሹን በመዳፍ ላይ አድርጎ ከማስላስ ይልቅ መሬት ላይ ወይም በሳህኑ ማስቀመጥ ይሻላል። «ተቀመጥ» የሚለውን ትእዛዝ አስቀድሞ ማስተማርም ሥራውን ያቀላል፤ ምክንያቱም ውሻው እንዳይልስ ብቻ ሳይሆን በመላስ ፈንታ ምን ማድረግ እንዳለበትም ማወቅ ይኖርበታል። እንግዳ ሲመጣ ተቀምጦ ሰላምታ የሚጠብቅ ውሻ እየዘለለ ፊት አይልስም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መላሱ ከመቀነስ ይልቅ ሊብስ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ውሻው ድሮ ይሠራ የነበረው ዘዴ ለምን እንደማይሠራ ስላልገባው አጥብቆ ይሞክራል። ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ እሺ ማለት ደግሞ አጥብቆ የላሰ ያገኛል የሚል ትምህርት ይሆንለታል። አባት ሲከለክል አያት በድብቅ ካባበሉት፣ ወይም የግቢው ጥበቃ ሠራተኛ ማታ ማታ እያስላሰ ካጫወተው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አልፎ አልፎ የሚገኝ ሽልማት ሁልጊዜ ከሚገኘው ይልቅ ልማድን እንደሚያጸና የታወቀ ስለሆነ፣ በግቢው የሚኖር ሰው ሁሉ በአንድ ሐሳብ መጽናት አለበት።

መምታት፣ አፍን ጨምቆ መያዝና ሚጥሚጣ በእጅ ላይ መቀባት የሚያስከትሉት ፍርሃትን ነው። የፈራ ውሻ ደግሞ ከመላስ ወደ መንከስ ሊሻገር ይችላል። ከዚህ ይልቅ በቂ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ማድረግ፣ የሚያኝከው ጠንካራ የጎማ መጫወቻ መስጠት፣ ወይም ድርቆሽ በግቢው ውስጥ በተለያየ ቦታ ደብቆ እንዲፈልግ ማድረግ ሥራ ፈትቶ ሰው ከመላስ ያሳርፈዋል። ልጆች ውሻው ሲመጣባቸው ከመሮጥና ከመጮኽ ተቆጥበው፣ እጃቸውን ሰብስበው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው መቆምን ይለማመዱ። ሕፃንን ከውሻ ጋር ብቻውን መተው ግን ውሻው የቱንም ያህል ገር ቢሆን አይፈቀድም።

መላሱ ድንገተኛ ሲሆን

ከላይ የተባለው ሁሉ ጤነኛ ውሻን የሚመለከት ነው። የማይልስ የነበረ ውሻ ድንገት አብዝቶ መላስ ከጀመረ ጉዳዩ ከልማድ አልፎ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። የምግብ መፍጫ ችግር፣ የጥርስ ሕመምና ማቅለሽለሽ እንዲህ ሊያደርጉት ይችላሉ። የእብድ ውሻ በሽታም ሲጀምር የውሻውን ጠባይ ይለውጣል፦ ገሩ ይሸሻል ወይም ይቆጣል፤ ሰው የማይቀርበው ደግሞ ያለ ልማዱ ሊላመድ ይችላል። ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተውና ለሀጩ ከተዝረበረበ ብዙ ሰው አጥንት ተሰክቶበት ይሆናል ብሎ እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የሚቻል ከሆነ ውሻው በተዘጋ ቦታ ይቆይና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

እንዲህ ያለ ውሻ ወይም ክትባቱ የማይታወቅ ውሻ ቁስልን፣ ዓይንን ወይም አፍን ከላሰ ቆዳው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ዓይንና አፍ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃሉ። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ባለሙያው የመከላከያ ክትባትና እንደ አስፈላጊነቱ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለውን መድኃኒት ያዝዛል። ጠበል የሚጠመቅ ወይም ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ሰውም ክትባቱን አይተው። ውሻው በሕይወት ካለ ከመግደል ይልቅ ለ10 ቀናት ተለይቶ እንዲታይ ማድረግ ይጠቅማል፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ የሰውየው ሕክምና እንዲቋረጥ ባለሙያው ሊወስን ይችላል። ሆኖም የውሻውን ውጤት እየጠበቁ ሕክምናውን ሳይጀምሩ መቆየት አይገባም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ስለሆነ ወረርሽኙን በመፍራት ቀጠሮ ማሳለፍ አይገባም፤ ጭምብል አድርጎና ርቀትን ጠብቆ መሄድ ይቻላል። በኮቪድ-19 ምክንያት በቤት ውስጥ ተለይቶ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ አጋጣሚ ከገጠመው ቦታውን አጥቦ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውል፤ መለየቱንም ጭምር በመናገር ሕክምናውን የት እንደሚያገኝ ይጠይቅ።