በአጭር ቁጥር የሚሸጥ መልስ፦ ተረቱና እውነታው

ጥያቄን በጽሑፍ መልዕክት ልኮ፣ ከስልክ ሂሳብ ጥቂት ብር አስቆርጦ መልስ የሚቀበል ሰው ብዙውን ጊዜ በልቡ አንድ ስሌት አለው፦ «ገንዘብ የተከፈለበት ነውና ከነጻው ይሻላል፤ ባይሻል እንኳ አንዴ ብሞክረው ምን ይጎዳኛል?» ስሌቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሐኪምም ጠበቃም ለምክሩ ያስከፍላል፤ ሲያጠፋ ደግሞ ፈቃዱን እስከማጣት ይጠየቃል። የመልዕክት አገልግሎቱን ከእነዚህ የሚለየው ይኸው ተጠያቂነት ነው። እዚህ የሚከፈለው ለፍለጋው ድካምና ለማድረሻው እንጂ ለመልሱ እውነትነት አይደለም።

ይህን ለማየት አገልግሎቱ በደንብ የተሞከረባቸውን አገሮች መመልከት ይበቃል። በእንግሊዝ ኤኪውኤ የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀምሮ በ63336 ቁጥር ማንኛውንም ጥያቄ በ1 ፓውንድ ይመልስ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ኬጂቢ (ከሶቪየቱ የስለላ ድርጅት ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም) በ542542 ለአንድ መልስ 99 ሳንቲም ይጠይቅ ነበር፤ ተፎካካሪው ቻቻ ግን ወጪውን በማስታወቂያ ሸፍኖ በነጻ ይመልስ ነበር። ደንበኛው ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ሊመስለው ይችል ነበር። ያ ግምት ልክ አልነበረም፤ የሚመልሱት በየቤታቸው ኢንተርኔት ከፍተው የሚፈልጉ፣ በመልስ ብዛት የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ። የቻቻ መላሾች በአንድ መልስ ያገኙት የነበረው 20 ሳንቲምና ከዚያም በታች ነው። ሰው መሆናቸው ጥቅም ነበረው፤ ፊደሉ የተዛባ፣ ሐሳቡ የተምታታ ጥያቄ ሰው ይረዳዋል። ነገር ግን በብዛት የሚከፈለው ሰው የሚያተርፈው ቶሎ መልሶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ ነው። ሦስት ምንጭ ያመሳከረው እና የመጀመሪያውን ገጽ ገልብጦ የላከው እኩል ይከፈላቸዋል። ደንበኛው 1 ፓውንድ ከፈለም ምንም አልከፈለ፣ ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም።

እንዳይለይ የሚያደርገው የመልዕክቱ መጠንም ነው። አንድ የጽሑፍ መልዕክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ሆሄ ይሆናል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ባይት ስለሚወስድ ወደ 70 ይወርዳል። አንዲት እናት «ለሦስት ዓመት ልጄ የትኩሳት ሽሮፕ ስንት ልስጠው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጥያቄዋ ብቻ የአንድ መልዕክት ግማሽ ያህል ይበላል። ትክክለኛው መልስ የልጁን ክብደትና የሽሮፑን ጥንካሬ መጠየቅ አለበት፤ የፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘም፣ 250 የያዘም አለና። ይህ ሁሉ በ70 ሆሄ አይገባም፤ የሚገባው «አንድ ማንኪያ» የሚለው ነው። መልዕክት ማያያዝ ይቻላል የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ይቻላል። ሲያያዝ ግን እያንዳንዱ ክፍል ወደ 67 ሆሄ ይወርዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ለየብቻው ይታሰባል። ስለዚህ መላሹ በመጀመሪያ የሚቆርጠው «ምናልባት» እና «ከሆነ» የሚሉትን ቃላትና የመረጃውን ምንጭ ነው። ጥርጣሬው የተነቀለለት መልስ ደግሞ ከሙሉው ይልቅ እርግጠኛ መስሎ ይታያል።

«አጭርም ቢሆን ከምንም ይሻላል» የሚለው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ተፈትኖ የተገኘው ግን ያን ያህል አያበረታታም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኡጋንዳ ጉግል፣ ግራሚን ፋውንዴሽንና ኤምቲኤን ስለ ወሲብና ተዋልዶ ጤና በመልዕክት የሚጠየቅበት አገልግሎት ከፍተው ነበር፤ ኮምፒውተር የጥያቄውን ቁልፍ ቃል ለይቶ አስቀድሞ የተጻፈ መልስ ይልካል። አገልግሎቱ የተዋወቀባቸውን መንደሮች ካልተዋወቀባቸው ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የነዋሪው የጤና እውቀት ከፍ ብሎ አላገኙትም። በሕንድ ማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር ደግሞ በክፍያ የሚሸጥ የገበያ ዋጋና የአየር ጠባይ መልዕክት ለአንድ ዓመት የደረሳቸው ገበሬዎች፣ ካልደረሳቸው ይልቅ ምርታቸውን በተሻለ ዋጋ ስለመሸጣቸው የሚያሳይ ውጤት አልተገኘም። ገበሬው መልዕክቱ የሚነግረውን ገበያ ቢያውቅም ወደዚያ የሚወስድ መኪና ከሌለው ወይም ከለመደው ነጋዴ ጋር ከተሳሰረ፣ ዋጋውን ማወቁ ብቻውን ሩቅ አያስኬደውም።

«አንዴ ልሞክረው» የሚለው ሐሳብስ? ተረቱ በጣም የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። ኤኪውኤና ኬጂቢ የሚያስከፍሉት በጥያቄ ስለነበር አንድ ሙከራ አንድ ክፍያ ነበር። በእኛ አገር በአጭር ቁጥር የሚሸጡት ብዙዎቹ አገልግሎቶች ግን የደንበኝነት ናቸው። «ኦኬ» ብሎ የላከ ሰው አንድ መልስ የገዛ ይመስለዋል፤ የገባው ግን ውል ነው፣ «ስቶፕ» ብሎ እስኪልክም ሂሳቡ በየጊዜው ይቆረጣል። በቀን ሁለት ብር ቢሆን ከቁብ አይገባም፤ በዓመት ግን 730 ብር ይሆናል፣ ያውም አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ። ሰው የሚያመዛዝነው የቀኑን ሁለት ብር እንጂ የዓመቱን 730 አይደለም፤ ሻጩም የሚያስተዋውቀው የመጀመሪያውን ነው። እንግዲህ መሞከር የሚፈልግ ሰው «መልሱ ትክክል ነው ወይ?» ከማለቱ በፊት «የምከፍለው በጥያቄ ነው ወይስ በቀን?» ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ በስልክ መጠየቅ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘ ሰው፣ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። በሕንድ ጉጃራት የጥጥ ገበሬዎች ጥያቄያቸውን በድምፅ እየቀረጹ የግብርና ባለሙያ መልስ የሚሰጥበት አገልግሎት ሁለት ዓመት ሲጠና፣ ገበሬዎቹ የተመከሩትን ግብዓት በርግጥም ሲጠቀሙ ታይተዋል፤ ምርታቸው ስለመጨመሩ ግን ጥናቱ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። ልዩነቱን እዚያ የፈጠረው መሣሪያው አይመስለኝም። ስልኩ ያው ስልክ ነው። መልሱን የሰጠው ግን ሙያው ግብርና የሆነ ሰው ነው፤ ድምፅም እንደ ጽሑፍ በሆሄ አይለካም። ገበሬዎቹ ለመክፈል የፈቀዱት ገንዘብ በጥናቱ ወቅት አገልግሎቱ ለአንድ ሰው ከሚያወጣው ወጪ ያነሰ ነበር፤ አጥኚዎቹ ተጠቃሚው ሲበዛ ወጪው ወርዶ ክፍያው ሊሸፍነው እንደሚችል ገምተዋል። ያ እስኪሆን ድረስ ጥሩ መልስ ለማዘጋጀት ሌላ ከፋይ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የኢትዮጵያው 8028 የግብርና የስልክ መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት አርሶ አደሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተቀረጸ ምክር እንዲያዳምጥ የተደረገው ያለ ክፍያ ነው።