የሳሎኑ ቴሌቪዥንና የተማሪው ኮምፒዩተር

ባለፈው ክረምት በደብረ ታቦር ከተማ አንድ ጎረቤታችን ወደ ቤታቸው አስጠሩን። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ውጭ አገር የምትኖር አክስቱ የላከችለት ላፕቶፕ ከእጁ ወድቆ መስተዋቱ ስለ ተሰነጠቀ፣ የማሳደሻውም ዋጋ ከአባቱ ዐቅም በላይ ስለ ሆነ፣ ዕቃው በሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እናቱ ቡና እየቀዱ፣ «የኔታ፣ ይህ የተሰበረ ነገር ከእንግዲህ አንዳች ፋይዳ አይኖረውም?» ብለው ጠየቁን። እኛም በቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠውን ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ተመለከትንና ዳንቴሉ እንዲነሣ ለመንናቸው።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ አልነበረም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከወረቀቱ ጎን በኮምፒዩተርም ይሰጥ ጀምሯል፤ የፊደል ገበታውን ነክቶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ጥያቄውን ከመመለሱ በፊት ከመሣሪያው ጋር ሲታገል ጊዜው ያልቅበታል። ከዚህም ሌላ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በፍላሽ ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የመማሪያ መጽሐፍ ለብዙ ቤተ ሰብ ብቸኛው መምህር ሆኖ ነበር። ያንን ግን የሚያነቡበት መስኮት ያስፈልጋል።

ቴሌቪዥንን ለኮምፒዩተር መስኮት ማድረግ አዲስ ብልሃት አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 የወጡት ሲንክሌር ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 የተባሉት የቤት ኮምፒዩተሮች የራሳቸው መስኮት ሳይኖራቸው ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝተው ይሠሩ ነበር። በእኛም አገር በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲሰራጭ «ፕላዝማ» የተባለው ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተሰቀለ። ያን ጊዜ ገና ጀማሪ መምህር ነበርን። በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣም አያየውም። አንድ ቀን ስርጭቱ ሲጠፋ ኮምፒዩተር አገናኝተን የራሳችንን ትምህርት በእርጋታ ያሳየንበት ሰዓት እስካሁን ትዝ ይለናል።

ስለ ፕላዝማ ካነሣን አይቀር፣ ደጋውን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ፕላዝማ በውስጡ በጋዝ የተሞሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች አሉት፤ ከፍታ ሲጨምር የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መሣሪያው እንደ ንብ ያጉረመርማል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናትና፣ ያ ጕርምርምታ የመሣሪያው ብልሽት ላይሆን ይችላል። ዛሬ በየቤቱ ያለው ኤልሲዲ ይህ ጠባይ የለበትም።

ወደ ጎረቤታችን ቤት እንመለስ። ላፕቶፑ የቆየ ስለ ሆነ ያለው ቪጂኤ የተባለው ባለ 15 እግር ሰማያዊ መውጫ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን የሚቀበለው በኤችዲኤምአይ ነው። ከአንድ ሱቅ መለወጫ ገዝተን ብንሰካው ጥቍር ብቻ አየን። ለካስ የገዛነው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠውን ኖሯል! ይህ ዕቃ እንደ ወንዝ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ገዢው «ከኮምፒዩተሬ የሚወጣው ምንድን ነው? ቴሌቪዥኔስ የሚቀበለው?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። ትክክለኛውን ካመጣን በኋላ በሪሞቱ «ሶርስ» የሚለውን ተጭነን መግቢያውን መረጥን፤ በላፕቶፑም የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቍልፍና ፒን አንድነት ስንጫን ሥዕሉ ወጣ። እናቲቱ እልል አሉ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። የሥዕሉ ዳር ዳር ተቈርጧል። ይህ ከጥንቱ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የተወረሰ ልማድ ነው፤ የዚያ ዘመን ሥዕል ጠርዙ የተስተካከለ ስላልነበረ መሣሪያው ጥቂት አስፍቶ ዳሩን ይደብቀው ነበር። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ሲመርጡት ይቀራል።

ከዚህ የባሰው የፊደሉ ነገር ነው። ባለ 32 ኢንቹ ቴሌቪዥን በአግድም 1,366 በቁም 768 ነጥቦች ብቻ ስላሉት በአንድ ኢንች 49 ነጥብ ይደርሰዋል፤ አንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህላል ማለት ነው። ለሥራ የተዘጋጀው ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ግን 1,920 በ1,080 ሆኖ በኢንች 92 ነጥብ አለው። ለላቲን ፊደል ይህ ብዙ ላያስቸግር ይችላል፤ የእኛ ፊደል ግን ሣልሱና ኀምሱ የሚለዩት በእግሩ ላይ ባለችው ጭረትና ቀለበት ነው። ነጥቡ ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈንና «ቤት» «ቢት» ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉን 150 በመቶ አጐላነው፤ «ሻርፕነስ» የሚለውንም ዝቅ አደረግን፤ ለፊልም የተበጀው ማሾያ በፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ይጥላልና።

ቀለምም የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ብርሃኑንና ጨለማውን ለየነጥቡ ሲጠብቁ ቀለሙን ግን ለጎረቤታም ነጥቦች በጋራ ያካፍላሉ። በጥቍር ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ስለዚህ ይደበዝዛል። ጎረቤታችን በፍላሽ ያላቸውን የብራና መጽሐፍ ሥዕል ብንከፍተው፣ የቅዱሳኑ ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ጠርዙን አጥቶ አገኘነው፤ ጥቍሩ ግን ደኅና ይነበባል። ቴሌቪዥኑ «ፒሲ» የሚል አሠራር ካለው ይህን ብዙ ጊዜ ያቃልለዋል።

የቀረው የመቀመጫው ነገር ነበር። በአትሮንስ ላይ ያለ መጽሐፍ ከዓይን ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ቡፌው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ግን አንገት ያስቃናል። ከቡፌው አውርደን ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አኖርነውና ልጁን ከአንድ ሜትር በላይ አርቀን አስቀመጥነው። አባትየው ዜናቸው እንዳይቀርባቸው ስለ ሠጉ፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ለልጁ፣ ከዚያ በኋላ ለቤቱ ሁሉ እንዲሆን ተስማሙ።

በሦስተኛው ቀን ልንጠይቃቸው ብንሄድ ልጁ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው እየሠራ ነው። ልጁ ምንም ሳያይ በጨለማው ውስጥ ሁለት ጣቶቹን ኮንትሮልና ኤስ ላይ አኑሮ ጽሑፉን አስቀመጠና፣ «እማዬ፣ ሻማ» አለ።